ቅባት በምን ይቀመጣል? ከአልባስጥሮስ ብልቃጥ እስከ አክስቴ ቡፌ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1922 ሃዋርድ ካርተር የተባለው እንግሊዛዊ የግብፁን ወጣት ንጉሥ የቱታንካሙንን መቃብር ባገኘ ጊዜ ዓለም ጉድ ያለው በወርቁ ነበር። የወርቁ ወሬ እስከ ዛሬም አልበረደም። ካርተር ግን ከወርቁ ጎን ሌላ ነገር ልብ ብሏል። መቃብሩ እሱ ከመድረሱ በፊት፣ ያውም ንጉሡ በተቀበረ ብዙም ሳይቆይ፣ በሌቦች ተደፍሮ ኖሯል። ሌቦቹ ደግሞ የጎመጁት ለወርቅና ለነሐስ ብቻ አልነበረም። ቅባትም ፈልገዋል። ቅባቱ የተቀመጠባቸው የድንጋይ ማሰሮዎች ከባድ ስለነበሩ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ይዞ መውጣት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ቅባቱን በእጃቸው እየዛቁ ወደ ቆዳ ስልቻ ገለበጡት። የጣቶቻቸው ፈለግ በማሰሮው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደታተመ ከ3,200 ዓመታት በላይ ቆይቶ ካርተር በዓይኑ አየው።

ሌባ ሞኝ አይደለም። በሞት የሚያስቀጣ አደጋ ውስጥ ገብቶ የሚሸከመው ዋጋ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያው መቃብር የተረፈውን ቅባት በ1920ዎቹ የመረመሩ የኬሚስትሪ ሰዎች ከመቶ ዘጠና እጅ ያህሉ የእንስሳ ስብ፣ የቀረው ደግሞ የዛፍ ሙጫ ወይም በለሳን ነው ብለዋል። በእኛ ቋንቋ ካስቀመጥነው ሞራ በዕጣን መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ዋጋ የሞራው አልነበረም። ሙጫውና መዓዛው ከሩቅ አገር የሚመጣ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሠችው ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት ምድር መርከቦች ልካ የከርቤ ሙጫ ከነዛፉ እንዳስመጣች በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ በሥዕል አስቀርጻለች። ፑንትንም ብዙ ሊቃውንት የሚፈልጉት ወደ እኛው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ አፍሪካ ቀንድ ነው።

እኔን ግን ከቅባቱ ይልቅ የሳበኝ ማሰሮው ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቅባት ይጽፋል። ስለ ቅባት ዕቃ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ቅባት ያለ ዕቃው ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የገባኝ በቅርቡ አክስቴ ቤት ያየሁትን ካየሁ በኋላ ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ግብፆች ለቅባት የመረጡት ድንጋይ በተለምዶ አልባስጥሮስ የሚባለው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በማርቆስ ወንጌል በቢታንያ አንዲት ሴት ሰብራ ያፈሰሰችው የናርዶስ ሽቱ በአልባስጥሮስ ብልቃጥ የተቀመጠ ነበር። ሽቱው ከሦስት መቶ ዲናር በላይ ያወጣ ነበር ተብሎ ሲያጉረመርሙባት ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህል በአንድ ብልቃጥ! እንዲህ ያለ ሀብት በሸክላ አይቀመጥም፤ ሸክላ ይመጣል፣ ዘይት ያሳልፋል። በደንብ የተፈለፈለ ድንጋይ ግን አያሳልፍም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው።

ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀመጡልን ግሪኮችና ሮማውያን ናቸው። የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስ ስለ ሽታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ሽቱ ቀማሚዎች ፀሐይ የማይመታው ጥላማ ክፍል የሚፈልጉት ፀሐይና ሙቀት የሽቱውን ኃይል ስለሚገፉት ነው ይላል። በእርሳስ ዕቃና በአልባስጥሮስ ብልቃጥ የሚያስቀምጡትም ሁለቱም ቀዝቃዛና ድፍን ስለሆኑ ነው ይለናል። ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ሮማዊው ፕሊኒ ይህንኑ ደገመው፤ ቅባት በአልባስጥሮስ ጥሩ ሆኖ ይቆያል፣ ፀሐይ ግን ጠላቱ ነው ብሎ ጻፈ። (እርሳሱን እንኳ ባይመክሩት በወደድን፤ መርዝነቱን ዛሬ እናውቃለን።) ስለ ኦክስጅን ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ያወቁት በአፍንጫቸው ነው።

አፍንጫቸው የነገራቸውን ዛሬ በኬሚስትሪ ስም እንጠራዋለን። ቅባት የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ኦክስጅን የስቡን ክር እየበጣጠሰ ወደ ከረፋ ነገር ይለውጠዋል፣ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ይህን ሥራ ያፋጥኑታል። ሁለተኛው ውኃ ነው። ውኃ ባለበት ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሰው ጣት ደግሞ ከውኃውም ሌላ ተሕዋስያኑን ራሳቸውን ያመጣል። አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ውኃ፣ ጣት። የቅባት ዕቃ ታሪክ ማለት ከእነዚህ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ማለት ነው።

ይህን ትግል የእኛ እናቶች ከማንም ባላነሰ ያውቁት ነበር። ገበያ ወጥቶ ቅቤ የገዛ ሰው ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ እንደሚለይ ያውቃል። ለጋው ለአናት፣ በሳሉ ለወጥ ነው። ይህ አከፋፈል ሌላ ምንም አይደለም፤ ኦክስጅንና ተሕዋስያን በቅቤው ላይ ምን ያህል እንደሠሩ የሚለካ የገበያ መለኪያ ነው። ሴቶቻችን ቅቤውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዕድሜውን በቀን ይቆጥሩታል። ለአናት የሚቀባውን ቅቤ ከአደስ ጋር አዋሕደው በትንሽ በትንሹ ያዘጋጃሉ እንጂ ለወራት አያከማቹም። ለወራት እንዲቆይ ሲፈልጉ ያነጥሩታል። ማንጠር ማለት ውኃውን በእሳት ማባረርና አተላውን ማስቀረት ነው፤ ውኃ ከሌለ ተሕዋስ የሚኖርበት የለም። ዕቃውም እንዲሁ ዝም ብሎ አይያዝም፣ ቅሉ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ በኋላ የሚቀመጠው ጓዳ ነው። ጓዳ ጨለማ ነው፣ ጓዳ ቀዝቃዛ ነው። ቅቤን ወስዶ መስኮት ላይ ያስቀመጠች ሙሽራ አማቷ ምን እንደምትላት መገመት አያዳግትም።

የዝባዱም ነገር ሊነሳ ይገባዋል። ከጥርኝ የሚወጣው ይህ ቅባት መሰል ነገር ከእናርያ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ከምድራችን እየወጣ የአውሮፓ ሽቱ ቀማሚዎች ጋ ሲደርስ ኖሯል። የሚጓዘው በከብት ቀንድ ተሞልቶ ነው። ቀንድ ብርሃን አያስገባም፣ ውኃ አያስገባም፣ በቅሎ ላይ ቢወድቅ አይሰበርም። አፉ በደንብ ከተደፈነ አየርም ብዙ አያገኘውም። እኔ ስለ ቀንድ ብዙ ሳስብ፣ ምናልባት ከአልባስጥሮሱም ይበልጣል እላለሁ፤ አልባስጥሮስ ጥቂት ብርሃን ያሳልፋልና።

ወደ ሮማ እንመለስ። በሁለተኛው መቶ ዘመን የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን ሰም፣ የጽጌረዳ መዓዛ ያለው ዘይትና ውኃ አዋሕዶ አንድ ቅባት ሠራ። ውኃው ከቆዳ ላይ ሲተን ስለሚያቀዘቅዝ ፈረንጆቹ ከብዙ ዘመን በኋላም «ቀዝቃዛ ቅባት» እያሉ ሲጠሩት ኖረዋል። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ነጭ ክሬም ሁሉ የዚያ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋሌን ውኃን ወደ ቅባት ሲያስገባ ግን የቅቤውን ችግር ሁሉ አብሮ አስገባ። ዘይቱ ይከረፋል፣ ውኃው ይለያያል። ቅባቱ ትኩስ ሆኖ ተሠርቶ ትኩስ የሚጠፋ ነገር ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም መድኃኒት ቀማሚዎች በትንሽ በትንሹ እየሠሩ የሚሸጡት ለዚህ ነው።

በጋሌን ዘመን የተሠራ አንድ ቅባት ግን እስከ እኛ ደርሷል። በ2003 ለንደን ውስጥ፣ ሳውዝዋርክ በሚባለው ሰፈር፣ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ሲቆፈር ከቆርቆሮ ማዕድን የተሠራ ትንሽ ክብ ዕቃ ከነክዳኑ ተገኘ። ሲከፈት ውስጡ ነጭ ቅባት ነበር፤ ቅባቱም ላይ የጣት ፈለግ ነበር። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርምረው በ2004 እንዳሳወቁት የእንስሳ ስብ፣ ስታርችና የቆርቆሮ ኦክሳይድ ድብልቅ ነው። እንደዚያው አድርገው አዲስ ሠርተው ቆዳ ላይ ቢቀቡት መጀመሪያ ስቡ ቀልጦ ይገባል፣ ቀጥሎ ስታርቹ ቆዳውን እንደ ዱቄት ያለሰልሰዋል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቅባት! ያቆየው ምንድን ነው? ልክክ ብሎ የገጠመ ክዳን። ከዚያ ሌላ ደግሞ አየር የማይገባው የረጠበ መሬትና ጨለማ። ያቺ ሮማዊት (ወይም ያ ሮማዊ) ክዳኑን ሳታጠብቅ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወሬው የለም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በፍጥነት ላልፈው እወዳለሁ፤ ብዙ ነገር የተደረገው አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ላይ ነውና። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የዘይት ቀለሙ በአሳማ ፊኛ ውስጥ እየደረቀ ቢያስቸግረው ሲጨመቅ የሚጨማደድ የብረት ቲዩብ ፈለሰፈ። ለቀለም የታሰበው ቲዩብ ኋላ ለጥርስ ሳሙናና ለሐኪም ቅባት ዋለ። ጥበቡ ቀላል ነው፤ ጣት አይገባም፣ የወጣው ቅባት ቦታ ላይ አየር አይተካም። ከቱታንካሙን ሌቦች ጀምሮ ማሰሮ ውስጥ ሲገባ የኖረውን ጣት ውጭ ያስቀረ የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ይመስለኛል።

ታሪኩን የቀየረው ግን ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቼስብሮ የተባለው ኬሚስት በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓዶች ዘንድ ሠራተኞች ቁስላቸውንና ቃጠሏቸውን የሚቀቡትን ዝልግልግ ጥቁር ነገር አይቶ አጠራው፤ በ1872 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሰውየው በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይበላ ነበር ይባላል፤ ዘጠና ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ነገር ግን እናንተ እንዳትሞክሩት። ቫዝሊን ስብ አይደለም፣ ዘይትም አይደለም። ኦክስጅን የሚይዝበት እጀታ የለውም ማለት ይቻላል። ውኃ የለበትም። ስለዚህ አይከረፋም። መስኮት ላይ ቢያድር፣ ክዳኑ ቢጠፋ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጣቱን ቢሰድበት ለረጅም ጊዜ ያው ቫዝሊን ነው። ቀጥሎ ክሬም ሠሪዎች በወይራና በለውዝ ዘይት ፋንታ ከነዳጅ የሚወጣውን ዘይት ማስገባት ጀመሩ። ይስሐቅ ሊፍሹትስ የተባለው ኬሚስት ደግሞ ከበግ ጠጉር ስብ ባወጣው ንጥረ ነገር ዘይትና ውኃ ሳይለያዩ የሚቆዩበትን መላ አገኘ፤ በዚህም መላ በ1911 ሐምቡርግ ላይ ኒቪያ ተወለደ። ዛሬ የምናውቀውን ሰማያዊ ጣሳውን የለበሰው በ1925 ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ የማይበላሹ ቅባቶች ታላቅ በጎ ነገር አድርገዋል፤ ሐኪም በሌለበት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ በድሃ ቤት ሳይቀር የተሰነጠቀ እጅና እግር አለስልሰዋል። ግን አንድ ነገር አስረሱን። ቅባት የሚሞት ነገር መሆኑን አስረሱን። በአገራችን ቫዝሊን የአንድ ዕቃ ስም ሆኖ አልቀረም፤ የቅባት ሁሉ መጠሪያ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከስሙ ጋር ጠባዩን ለሌላው ቅባት ሁሉ አወረስነው። «የፋብሪካ ነው፣ ምን ይሆናል?» እንላለን።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን መጥቷል። በ1971 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከቫይታሚን ኤ ዘር የሚወጣውን ትሬቲኖይን ለብጉር መድኃኒትነት ፈቀደ። ኋላም የዚሁ ዘመድ የሆነው ሬቲኖል በየፊት ክሬሙ ገባ። ሁለቱም ብርሃንና አየር አይወዱም፤ በተለይ ፀሐይ ሲያገኛቸው ፈጥነው ይፈርሳሉ። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በ1992 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ዘዴ አሲዳማነቱን በማክረር ፈሳሹን ጥቂት አቆይቶታል፣ ግን ጥቂት ነው። ሲሠራ እንደ ውኃ የጠራው ሴረም አየር ባገኘው ቁጥር ቢጫ፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ሲሆን ቫይታሚኑ አብዛኛው ሄዷል። እነዚህ አዳዲስ ቅባቶች ጠባያቸው የቫዝሊን አይደለም፤ የለጋ ቅቤ ነው።

የአክስቴን ነገር ቃል ገብቼ ነበር። አክስቴ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አላቸው። ልጅቱ ሰው በመጣ ቁጥር ከምትልከው ገንዘብ ሌላ ለእናቷ ፊት የሚሆን ሴረምና ክሬም አትነሳም፤ አንዱ ብቻ የስንት ቀን ድካሟ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ለዓመት በዓል ሄጄ ሳለ የሳሎኑን ቡፌ ቀና ብዬ አየሁ። ከብርጭቆዎቹ በላይ፣ ከልጅቱ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ ብልቃጦቹ በሰልፍ ተደርድረዋል። የማለዳ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አንድ በአንድ ትዳስሳቸዋለች። ግማሾቹ ከካርቶናቸው ወጥተው፣ ግን ሳይከፈቱ ነው የቆዩት። አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃን ባዘነብለው ውስጡ የቡና ቀለም ይዟል።

«አክስቴ፣ ለምን አይቀቡትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እሷ ለፍታ የላከችውን እንዴት በየቀኑ እቀባዋለሁ? ለሠርጓ ቀን አስቀምጬዋለሁ።»

ምን ይባላል? እኚህ ሴት በልጅነታቸው የእናታቸውን ቅቤ ከጓዳ ወደ ፀሐይ አውጥተው ቢሆን ይቆነጠጡ ነበር። የቅቤን ዕድሜ በአፍንጫቸው የሚለኩ ሴት ናቸው። ብልቃጡ ግን አይሸትም፤ ቫይታሚን ሲሞት አይሸትም። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሥታወቱ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ክሬም ደርድሮ የሚሸጠው ሱቅ ስንት ነው? በእግረኛ መንገድ ላይ ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠውስ? እኔ ራሴ ከአንዱ ሱቅ የፀሐይ መከላከያ ገዝቼ ስከፍተው ውኃው ለብቻ፣ ዘይቱ ለብቻ ሆኖ ወርዶልኛል። ብመልሰው ባለሱቁ «ነቅንቀው» አለኝ።

ይህ የፀሐይ መከላከያ ነገር ከመዋቢያ ወጥቶ ወደ ሕይወት የሚገባ ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ይህ ቅባት ውበት አይደለም፤ ቆዳቸውን ከቃጠሎና ከካንሰር የሚጠብቅ ጋሻ ነው። ያውም በእኛ ደጋ፣ ከፍታው ከሁለት ሺህ ሜትር ባለፈ አገር፣ አየሩ ቀዝቅዞ ሰውን ያታልላል እንጂ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል። ሙቀት ያፈረሰው መከላከያ ግን ሰውየውን ተጠብቄያለሁ አሰኝቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ከመቀባት ያልተቀባ ይሻለው ነበር፤ ያልተቀባው ቢያንስ ጥላ ይፈልጋል። የአሜሪካው ባለሥልጣንም የፀሐይ መከላከያን ራሱን ከፀሐይ አርቁት ማለቱ የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው።

ታዲያ እኔ ለአክስቴ የነገርኳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ቅቤ የት ያስቀምጡ ነበር? አልኳቸው። ጓዳ። ይኸንም እዚያው ያድርጉት። ቅቤውን በእርጥብ እጅ ይጨልፉ ነበር? በጭራሽ። ይኸንም በታጠበና በደረቀ እጅ፣ ሲሆን በንጹሕ ማንኪያ ጫፍ። ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙት። ከመጣበት ብልቃጥ ወደ ሌላ አይገልብጡት፤ ሠሪው ጥቁር ወይም ቡናማ መሥታወት የመረጠው ለጌጥ አይደለም። መታጠቢያ ቤትም አይሁን፣ እንፋሎት አለበት። ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ካለ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ያልተጻፈበትን ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ የሚይዘው ቦታ አይክተቱት፣ ውኃና ዘይቱ ይለያያሉ። ከዚያ በብልቃጡ ጀርባ ያለውን ትንሽ ሥዕል አሳየኋቸው፤ ክዳኑ የተነሳ ማሰሮ ይመስላል፣ ሆዱ ላይ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥርና ኤም የሚባለው የላቲን ፊደል አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ባወጣውና ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ የመጣ ምልክት ነው። ቁጥሩ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ይናገራል። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ እዚያው ላይ መጻፍ ነው።

አክስቴ ሥዕሉን በመነጽር ትኩር ብለው አዩት። «ማሰሮ ነው እንዴ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። በቡናማው ብልቃጥ ላይ ግን ብዙ አልተከራከርንም፤ መልሰው ፎቶግራፉ አጠገብ አስቀመጡት። ያልበላሸውን አንዱን ከፈቱና የእጃቸውን ጀርባ ቀቡ። ከዚያ «ቀኑን ጻፍልኝ» ብለው ብልቃጡን ሰጡኝ፤ እንደ ሐበሻ አቆጣጠር እንድጽፈው አሳስበው።